ስለ ባለ አንድ ቀለም ሥዕል፤ «ሞኖክሮም» የሚለው ቃል ፍችና አገልግሎት

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ምክንያት በተደረገው የተማሪዎች ጉባኤ ላይ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ያሰሙት ንግግር)



ልንናገርበት የመረጥነው አርእስት ሲሰሙት ታላቅ ጉዳይ አይመስልም፤ አንዲት የባዕድ ቃል ናት። ይህች ቃል «ሞኖክሮም» ትባላለች። በፎቶግራፍ መጽሐፍ ውስጥ፥ በኮምፒውተር መማሪያ ውስጥ፥ በማተሚያ ቤት የዋጋ ዝርዝር ላይ፥ በእጅ ስልክ ካሜራ ውስጥም ሳይቀር ትገኛለች። ብዙው ሰው ሲያያት «ጥቁርና ነጭ ማለት ነው» ብሎ ያልፋታል። ይህ አፈታት ከፊሉ እውነት፥ ከፊሉ ግን ጎደሎ ነው። ከጉድለቱም የተነሣ በመማሪያ ክፍልና በታሪክ ማስረጃ ላይ ጉዳት እንደሚደርስ ለማስረዳት እንደ ዐቅማችን እንሞክራለን።

ንግግራችን በአራት ይከፈላል። አንደኛ፥ የቃሉ ምንጭና ፍች፤ ሁለተኛ፥ በሥዕልና በፎቶግራፍ የሰጠው አገልግሎት፤ ሦስተኛ፥ በሳይንስ ያለው ቦታ፤ አራተኛ፥ ከባለ አንድ ቀለም ሥዕል የሚጠፋው ነገርና እኛ ልናደርገው የሚገባን ሥራ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተጨመረባቸው በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እናስታውቃለን።

እንግዲህ ከቃሉ እንጀምር። «ሞኖክሮም» ከሁለት የግሪክ ቃላት የተገጠመ ነው። «ሞኖስ» አንድ ብቻ፥ ብቸኛ ማለት ነው፤ «ክሮማ» ደግሞ ቀለም ማለት ነው። ሁለቱ ሲጋጠሙ «ባለ አንድ ቀለም» የሚል ትርጉም ይሰጣሉ። ቃሉ ዛሬ የተፈጠረ አይደለም። በ79 የቬሱቪየስ እሳተ ገሞራ በፈነዳ ጊዜ የሞተው ሮማዊው ሊቅ ፕሊኒ ስለ ተፈጥሮ በጻፈው ታላቅ መጽሐፍ በ35ኛው ክፍል፥ በአንድ ቀለም ብቻ የሚሣል የሥዕል ዓይነት በዚሁ ስም ይጠራ እንደ ነበረ፥ በእርሱም ዘመን ይሠራበት እንደ ነበረ ይናገራል።

«ሞኖስ» የሚለው ሥር ለአገራችን ሰው ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። «መነኮሰ»፥ «መነኩሴ»፥ «ምንኩስና» የምንላቸው ቃላት «ሞናኮስ» ከሚለው የግሪክ ቃል የመጡ ናቸው፤ እርሱም ብቻውን የሚኖር ማለት ነው፥ ሥሩም ያው «ሞኖስ» ነው። ስለዚህ መነኩሴና ሞኖክሮም፥ አንዱ በገዳም ሌላው በፎቶግራፍ ቤት ይኑሩ እንጂ፥ የአንድ አያት የልጅ ልጆች ናቸው። «ክሮማ»ም እንዲሁ በባዮሎጂ ትምህርት በየቀኑ ከአፋችን የማይጠፋ ቃል ነው። ጀርመናዊው ሊቅ ዋልዳየር በ1888 «ክሮሞሶም» የሚለውን ስም ያወጣው በሴል ውስጥ ያሉት እነዚያ ጥቃቅን አካላት የሚነከሩበትን ቀለም አጥብቀው ስለሚይዙ ነው። በኬሚስትሪም «ክሮሚየም» የሚባለው ንጥረ ነገር ስሙን ያገኘው ከሌሎች ጋር ሲዋሐድ ልዩ ልዩ ቀለም ስለሚያሳይ ነው። አንድ ሰው ሁለቱን ሥሮች ካወቀ ብዙ የመማሪያ ቃላት ሳይሸመድድ ይገቡታል።

በአማርኛ ግን ይህን ነገር ምን እንበለው? እኛ ተሰብስበን ስንወያይ ሦስት አሳቦች ቀርበው ነበር።

የመጀመሪያው «ድፍን» የሚለው ነው። ባላገር ከብቱን ሲጠራ «ድፍን ጥቁር»፥ «ድፍን ነጭ» ይላል፤ ከጠጉሩ ሌላ ቀለም ያልገባበት፥ ዥጉርጉር ወይም ቡራቡሬ ያልሆነ ማለቱ ነው። ቃሉ ያማረ፥ ከገዛ ቋንቋችን የበቀለ ነው። ነገር ግን ድፍን የሚባለው ከዳር እስከ ዳር አንድ ወጥ የሆነው ነው። በባለ አንድ ቀለም ሥዕል ውስጥ ግን ያ አንድ ቀለም ይደምቃል፥ ይፈዝዛል፥ ይጠቁራል፥ ይነጣል፤ ከዚህም መለዋወጥ የተነሣ ፊት ከግንባር፥ ተራራ ከሰማይ ይለያል። ድፍን ጥቁር በሆነ ወረቀት ላይ የሚታይ ሥዕል የለም። ስለዚህ «ድፍን» የቀለሙን አንድነት ቢገልጥም፥ የደረጃውን ብዛት አይገልጥም።

ሁለተኛው «ጥቁርና ነጭ» የሚለው ነው። ይህም በሁለት በኩል ይጎድላል። በአንድ በኩል፥ ባለ አንድ ቀለም ሥዕል ሁሉ ጥቁር መሆን የለበትም፤ ሰማያዊም፥ ቡናማም፥ ቀይም ሊሆን ይችላል። እያንዳንዱ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ሞኖክሮም ነው፤ እያንዳንዱ ሞኖክሮም ግን ጥቁርና ነጭ አይደለም። እያንዳንዱ ፈረስ እንስሳ ቢሆንም፥ እያንዳንዱ እንስሳ ፈረስ እንዳልሆነ ማለት ነው። በሌላው በኩል፥ ጥቁርና ነጭ በምንለው ፎቶግራፍ ውስጥ አብዛኛው ክፍል ጥቁርም ነጭም ሳይሆን ግራጫ ነው። ኮምፒውተር ይህን ልዩነት በቁጥር ይገልጠዋል። ሁለት ደረጃ ብቻ ያለው፥ ነጥቡ ወይ ጥቁር ወይ ነጭ የሆነበት ሥዕል አለ፤ በተለመደው ባለ 8 ቢት ግራጫ ሥዕል ግን ከ0 እስከ 255 የሚቈጠሩ 256 ደረጃዎች አሉ። በእውነት ጥቁርና ነጭ መባል የሚገባው የፊተኛው ብቻ ነው።

ሦስተኛው «ባለ አንድ ቀለም» የሚለው ነው፤ የተስማማነውም በዚሁ ነው። ቃል በቃል ከግሪኩ ጋር ይገጥማል፥ አፍም አይሰብርም። ደግሞም «ቀለም» የሚለው ቃላችን ሰፊ ነው። በግእዝም በአማርኛም የመጻፊያው ቀለም፥ ኋላም የማናቸውም ነገር መልክ፥ ከዚያም አልፎ ትምህርት ራሱ በዚህ ስም ይጠራል፤ «ቀለም ቈጠረ» ስንል ተማረ ማለታችን ነው። አባቶቻችን ከጥላሸት አዘጋጅተው በብራና ላይ የጻፉበት ቀለም ጥቁር ነበር፤ አርእስቱንና የቅዱሳንን ስም ግን በቀይ ይለዩት ነበር። እንግዲህ በጥቁር ብቻ የተጻፈ ገጽ ባለ አንድ ቀለም ነው፤ ቀይ የገባበት ገጽ ግን ባለ ሁለት ቀለም ነው። አንባቢው የቅዱሱን ስም ገና ሳያነብበው ከሩቅ ያየዋል። አንድ ቀለም ሲጨመር ምን ያህል ትምህርት እንደሚጨመር፥ ሲቀነስም ምን ያህል እንደሚቀነስ ከዚህ መረዳት ይቻላል። ይህን ነገር በአራተኛው ክፍል እንመለስበታለን።

አሁን ወደ ሁለተኛው ክፍል እንለፍ። አንድ ሰው «ሠዓሊ ሁሉ ቀለም ሞልቶለት ሳለ በአንድ ቀለም ብቻ ስለ ምን ይሥላል?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። መልሱ፥ የዕቃ ማጣት ሳይሆን የአሳብ ምርጫ ሊሆን ስለሚችል ነው። በጣልያን አገር በፓዱዋ ከተማ ሠዓሊው ጆቶ በ1305 ገደማ የአንዲት ጸሎት ቤት ግድግዳ በደማቅ ቀለማት ሲሥል፥ በጎ ምግባራትንና ኃጢአቶችን የሚያመለክቱትን ሥዕሎች ግን በግራጫ ብቻ አድርጎ ከድንጋይ የተፈለፈሉ አስመስሏቸዋል። በቤልጂግ አገር በጌንት ከተማ በ1432 የተፈጸመው የቫን አይክ ወንድማማቾች ታላቅ ሥዕልም መዝጊያው ሲዘጋ በውጭ በኩል ሁለት ቅዱሳን እንደ ድንጋይ ሐውልት በግራጫ ተሥለው ይታያሉ፤ መዝጊያው ሲከፈት ግን የውስጡ ቀለም እንደ ፀሐይ ያበራል። በዚህ ሥራ ግራጫው ለቀለሙ እንደ መቅድም ሆኖ ያገለግላል።

በቻይና አገርም ከታንግ መንግሥት ዘመን፥ ማለት ከ618 እስከ 907 ከነበረው ጊዜ ጀምሮ፥ በጥቁር ቀለም ብቻ የመሣል ጥበብ ታላቅ ክብር አግኝቷል። የቻይና ሠዓልያን ቀለም እንደ አባቶቻችን ቀለም ከጥላሸት የሚሠራ ነው። ውሃውን በማብዛትና በማሳነስ ብቻ ጭጋጉን፥ ተራራውንና የቀርከሃውን ቅጠል ይለያሉ። በእኛ ዘመን አቅራቢያ ደግሞ የፒካሶ «ጌርኒካ» አለ። ሚያዝያ 1937 የስፔኗ ከተማ ጌርኒካ በጀርመንና በጣልያን አውሮፕላኖች ከተደበደበች በኋላ በዚያው ዓመት የተሣለ፥ ቁመቱ ወደ 3 ሜትር ተኩል፥ ወርዱ ወደ 7 ሜትር ከ80 የሚደርስ ሥዕል ነው። ይህን ያህል ሰፊ ሸራ በጥቁር፥ በነጭና በግራጫ ብቻ ተሞልቷል። ደም ፈሷል፥ ቀይ ቀለም ግን የለም፤ ተመልካቹ ደሙን በገዛ ልቡ እንዲጨምረው ተትቶለታል።

ፎቶግራፍም ሲወለድ ባለ አንድ ቀለም ሆኖ ነው። በካሜራ ከተነሡት ሥዕሎች እስከ ዛሬ የተረፈው የመጀመሪያው ፈረንሳዊው ኒየፕስ በ1826 ወይም በ1827 ያነሣው ነው። ከዚያ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ የነገሠው ዘዴ በብር የተመሠረተ ነበር። የብር ውሑድ ብርሃን ሲነካውና በመድኀኒት ሲታጠብ ወደ ጥቁር የብር ቅንጣት ይለወጣል፤ ብዙ ብርሃን ያረፈበት ቦታ ይጠቁራል፥ ጥላ የነበረው ነጭ ይቀራል። ይህ ኔጋቲቭ የሚባለው ግልብጥ ሥዕል ነው፤ በሌላ ወረቀት ላይ ደግሞ ሲገለበጥ እውነተኛው መልክ ይገኛል። ሥዕሉን የሚሠራው የብሩ ብዛትና ማነስ ብቻ ስለ ሆነ፥ ቀለም የሚገባበት በር አልነበረውም።

ነገር ግን አንድ ቀለም ማለት ሁልጊዜ ጥቁር እንዳልሆነ ያልነውን የሚያስረዱ ሁለት ምስክሮች አሉን። አንደኛው «ሳያኖታይፕ» የሚባለው ነው። እንግሊዛዊው ሰር ጆን ኸርሸል በ1842 ያገኘው ይህ ዘዴ በብር ፈንታ የብረት ውሑዶችን የሚጠቀም ሲሆን፥ ወረቀቱ ፀሐይ ከመታው በኋላ በውሃ ሲታጠብ ጥልቅ ሰማያዊ ይሆናል። አና አትኪንስ የምትባል እንግሊዛዊት የዕፀዋት ተመራማሪ ከ1843 ጀምሮ የባሕር አረሞችን በዚህ ዘዴ ነጭ በሰማያዊ ላይ አሳትማ መጽሐፍ አድርጋቸዋለች። መሐንዲሶች የቤት ፕላን ያባዙበት የነበረው «ብሉ ፕሪንት» የሚባለው ወረቀትም ከዚሁ ዘዴ የመጣ ነው። ሁለተኛው ምስክር «ሴፒያ» ነው። ስሙ ከአንድ የባሕር እንስሳ የመጣ ነው፤ ይህ እንስሳ ከሚተፋው ቡናማ ቀለም ሠዓልያን ይሥሉ ነበር። በፎቶግራፍ ግን የሥዕሉ ብር ከድኝ ጋር ተዋሕዶ ቡናማ ሲሆን በዚሁ ስም ይጠራል፤ እንዲህ የተደረገ ፎቶግራፍም ዕድሜው ይረዝማል። በየቤታችን በአያቶቻችን ሣጥን ውስጥ የሚገኙ ቡናማ ፎቶግራፎች ሁሉ ግን በዚህ ዘዴ የተሠሩ አይደሉም፤ አንዳንዱ በዕድሜ ብዛት የወየበ ነው።

በአገራችንም የቴሌቪዥን አገልግሎት ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሲጀመር ባለ አንድ ቀለም ነበር፤ ባለ ቀለም የሆነው በ1970ዎቹ ዓ.ም. ነው። ስለዚህ በዚያ ጊዜ የነበሩ ወላጆቻችን ዓለምን በዚያ መስኮት ሲያዩ በግራጫ አይተውታል።

ሦስተኛው ክፍል ስለ ሳይንስ ነው። በመጀመሪያ በሁለት ቃላት መካከል ያለውን ልዩነት እንለይ። «ሞኖክሮም» የሚባለው ሥዕሉ ነው፤ «ሞኖክሮማቲክ» የሚለው ቃል ግን በፊዚክስ ስለ ብርሃን ይነገራል፥ ትርጉሙም አንድ የሞገድ ርዝመት ብቻ ያለው ብርሃን ማለት ነው። ለምሳሌ ጥቂት የገበታ ጨው በነበልባል ላይ ቢደረግ ነበልባሉ ቢጫ ይሆናል። ይህ በጨው ውስጥ ያለው የሶዲየም ብርሃን ነው፤ የሞገዱም ርዝመት ወደ 589 ናኖሜትር ነው። እንዲህ ያለ ብርሃን ብቻ በበራበት ክፍል ውስጥ ቀይ ልብስና ሰማያዊ ልብስ ቢቀመጡ ቀለማቸው አይለይም፤ ሁሉም ወይ ቢጫ ወይ ጥቁር መስሎ ይታያል። አሜሪካዊው ማይመን በ1960 ለመጀመሪያ ጊዜ የሠራው ሌዘርም ከሌሎች መብራቶች ሁሉ ይበልጥ ወደ አንድ የሞገድ ርዝመት የቀረበ ብርሃን ይሰጣል።

የገዛ ዐይናችንም በሌሊት ባለ አንድ ቀለም ነው። በዐይናችን ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ወደ 120 ሚሊዮን የሚሆኑ በትር መሰል ሴሎችና ወደ 6 ሚሊዮን የሚሆኑ ሾጣጣ ሴሎች አሉ። ቀለም የሚለዩት ሾጣጣዎቹ ናቸው፤ እነርሱ ግን በቂ ብርሃን ይፈልጋሉ። በትሮቹ በደካማ ብርሃን ያያሉ፥ ቀለም ግን አይለዩም። ስለዚህ በጨረቃ ብርሃን ሜዳ ላይ የቆመች ቀይ ላም ከግራጫዋ አትለይም። ይህ የዐይን በሽታ ሳይሆን የተፈጥሮ ሥርዓት ነው።

በሐኪም ቤትም ራጅ የምንለው ሥዕል ባለ አንድ ቀለም ነው። ጀርመናዊው ሮንትገን በ1895 ያገኘው ጨረር በሥጋ ውስጥ ሲያልፍ በአጥንት ላይ ይያዛል፤ ሥዕሉም የዚያ መያዝና ማለፍ ጥላ ነው። አጥንት ነጣ፥ አየር የሞላው ሳንባ ጠቆር ብሎ ይታያል። ሐኪሙ የሰውን ሕይወት የሚያድንበትን ምክር የሚወስነው የግራጫን ደረጃዎች በማንበብ ነው።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን ባለ ቀለም ሥዕል ራሱ ከባለ አንድ ቀለም ሥዕሎች የተሠራ መሆኑ ነው። ስኮትላንዳዊው ሊቅ ማክስዌል በ1861 በለንደን ያሳየው ሙከራ ይህን ገልጧል። አንድን ባለ ልዩ ልዩ ቀለም ጥብጣብ በቀይ፥ በአረንጓዴና በሰማያዊ ማጣሪያ በኩል ሦስት ጊዜ አስነሣው፤ ሦስቱም ፎቶግራፎች ጥቁርና ነጭ ነበሩ። በየማጣሪያቸው በኩል በአንድ ግድግዳ ላይ ደራርቦ ባበራቸው ጊዜ ግን ጥብጣቡ ከነቀለሙ ታየ። ዛሬ በኪሳችን የምንይዘው ስልክ የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። በካሜራው ውስጥ ያሉት ሚሊዮን ነጥቦች የብርሃንን ብዛት ይለካሉ እንጂ ቀለም አያውቁም። ባየር የሚባል አሜሪካዊ በ1976 የባለቤትነት መብት ባስመዘገበው ዘዴ፥ ከነጥቦቹ ግማሾቹ በአረንጓዴ፥ ሩቦቹ በቀይ፥ ሩቦቹ በሰማያዊ ማጣሪያ ይሸፈናሉ፤ ከዚያ በኋላ ቀለሙን በሒሳብ የሚያገኘው ኮምፒውተሩ ነው። በማተሚያ ቤትም ባለ ቀለም ሽፋን የሚታተመው አራት ጊዜ ነው፤ በውሃ ሰማያዊ፥ በሐምራዊ ቀይ፥ በቢጫና በጥቁር። እያንዳንዱ ኅትመት ለብቻው ሲታይ ባለ አንድ ቀለም ነው። እንግዲህ ባለ አንድ ቀለም ሥዕል የባለ ቀለሙ ድኻ ዘመድ ሳይሆን እናቱ ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

እስከ አሁን ባለ አንድ ቀለም ሥዕልን ስናመሰግን ቆየን። በአራተኛው ክፍል ግን የሚያጠፋውን እንናገራለን፤ ዋናው ጉዳያችንም ይኸው ነው።

ባለ ቀለምን ሥዕል ወደ ግራጫ ለመለወጥ በሰፊው የተለመደ አንድ ስሌት አለ። ከቀዩ ብርሃን 30 መቶኛ፥ ከአረንጓዴው 59 መቶኛ፥ ከሰማያዊው 11 መቶኛ ተወስዶ ይደመራል፤ ዐይናችን ለአረንጓዴ ብርሃን ይበልጥ ስለሚነቃ ነው። ሦስቱም ሙሉ ሲሆኑ 100፥ ማለት ነጭ ይሆናል። አሁን ይህን ስሌት በሰንደቅ ዓላማችን ላይ እንሞክረው። ሙሉ የሆነ ቀይ 30 ይሆናል። ቢጫ በስክሪን ላይ ቀይና አረንጓዴ ብርሃን ተደምረው የሚሠሩት ስለ ሆነ፥ 30 እና 59 ተደምሮ 89 ይሆናል። ጠቆር ያለ፥ ኀይሉ በቁጥር ግማሽ የሆነ አረንጓዴ ደግሞ የ59 ግማሽ፥ ማለት 29 ተኩል ይሆናል። እንግዲህ 30 እና 29 ተኩል በዐይን አይለዩም። መካከሉ ይነጣል፤ ላዩና ታቹ ግን አንድ ዓይነት ግራጫ ይሆናሉ። አረንጓዴና ቀይ በቀን ብርሃን እንደዚያ የተራራቁ ሳሉ በአንድ ቀለም ሲታዩ መንታ ወንድማማች ይመስላሉ።

ይህ በመማሪያ ክፍል ምን ጉዳት ያመጣል ብትሉ፥ ነገሩ ግልጽ ነው። በመጽሐፍ ላይ በቀለም የተሠራው ካርታ በፎቶ ኮፒ ሲባዛ ቀለሙን ያጣል። ቆላው በአረንጓዴ፥ ደጋው በቡናማ ወይም በቀይ ተለይቶ የነበረው ሁሉ ግራጫ ይሆናል። የልብ ሥዕልም ደም ወሳጁ በቀይ፥ ደም መላሹ በሰማያዊ ተሥሎ ሳለ ለተማሪው በእጁ የሚደርሰው ጥቁር ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ በፈተና ወረቀት ላይ «በቀይ የተመለከተው ምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ ቢቀርብ፥ ዋናውን መጽሐፍ ለመግዛት የቻለው ይመልሳል፤ ቅጅውን ብቻ ያገኘው ግን ትምህርቱን እያወቀ ይወድቃል። እንዲህ ያለ ፈተና የዕውቀት መለኪያ መሆኑ ቀርቶ የገንዘብ መለኪያ ይሆናል። ከዚህም በላይ ቀይና አረንጓዴን መለየት የማይችሉ ሰዎች አሉ፤ ይህም በወንዶች ላይ ይበዛል። ከሰሜን አውሮፓ ዘር በሆኑ ወንዶች ዘንድ ከ12 አንዱ ገደማ እንዲህ ያለ ጉድለት እንዳለበት ይታወቃል። እንዲህ ያለ ልጅ መጽሐፉ ባለ ቀለም ቢሆንለትም እንኳ ይቸገራል፤ አብዛኛውን ጊዜም ችግሩን ራሱ አያውቀውም።

መድኀኒቱ ግን ቀላል ነው፥ ገንዘብም አያስወጣም። ሥዕል የሚያዘጋጅ ሰው ሁሉ፥ መምህርም ቢሆን ተማሪ፥ ሥራውን በአንድ ቀለም አይቶ ይፈትነው። በስልክ ካሜራ ውስጥ ያለውን የሞኖክሮም አገልግሎት ከፍቶ ቢያየው ወይም አንድ ቅጅ ቢያወጣለት ይበቃል። በግራጫ ያልተለየው ነገር ካለ፥ አንዱን መስመር በሙሉ፥ ሌላውን በቁርጥራጭ፥ ሦስተኛውን በነጠብጣብ ያድርገው፤ አንዱን ቦታ በሰያፍ መስመር፥ ሌላውን በነጥብ ይሙላው፤ ይልቁንም ስሙን እዚያው ላይ ይጻፈው። «በቀይ የተመለከተው» በማለት ፈንታ «በ‹ሀ› ፊደል የተመለከተው» ይበል። በአንድ ቀለም ታይቶ የሚገባ ሥዕል በብዙ ቀለም ሲታይ ይበልጥ ይገባል፤ በብዙ ቀለም ብቻ የሚገባ ሥዕል ግን በአንድ ቀለም ሲመጣ ዝም ይላል።

ሁለተኛው ጉዳት በታሪክ ላይ ነው። አንድ ጊዜ ወደ ግራጫ የተለወጠ ሥዕል ወደ ቀለሙ አይመለስም። በእጃችን ያለው «30» የሚል ደረጃ ብቻ ቢሆን፥ ቀይ ይሁን አረንጓዴ ከሥዕሉ ማወቅ አይቻልም። የጥንቱ ፎቶግራፍ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። የመጀመሪያዎቹ የፎቶግራፍ መስተዋቶች ይበልጥ የሚነቁት ለሰማያዊ ብርሃን ስለ ነበረ፥ ሰማይ ነጥቶ፥ ቀይም ቢጫም ጠቁረው ይወጡ ነበር። ይህን ጉድለት የማስወገድ መንገድ የተጀመረው ጀርመናዊው ፎግል በ1873 መስተዋቱን በቀለም በመንከር ለሌሎችም ብርሃኖች እንዲነቃ ባደረገው ጊዜ ነው። ስለዚህ በጥንታዊ ፎቶግራፍ ላይ የምናየው ጥቁር ልብስ በእርግጥ ጥቁር ነበረ ለማለት አንችልም፤ ቀይ ካባም ሊሆን ይችላል።

ዛሬ ግን የአባቶቻችን ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፎች በኮምፒውተር ቀለም እየተቀቡ በስልክ ሲዘዋወሩ እናያለን። መሣሪያው ካባውን ሰማያዊ ወይም ቀይ የሚያደርገው አውቆ አይደለም፥ ገምቶ ነው። ሥዕሉ ስለሚያምር ሰው ግምቱን እንደ ማስረጃ ይቀበለዋል። እኛ ይህን ጥበብ አንነቅፈውም፤ «በግምት የተቀባ» የሚል ቃል ከሥሩ ይጻፍበት እንላለን እንጂ። ይህ ካልሆነ ከኛ በኋላ የሚመጡት ተማሪዎች የአባቶቻቸውን ልብስ የሚማሩት ከመሣሪያ ግምት ይሆናል። ደግሞም ሌላ አሳሳች ነገር አለ። የቀድሞው ዘመን በግራጫ ስለ ተነሣ፥ ዘመኑ ራሱ ግራጫ የነበረ ይመስለናል። በዚያ ዘመን የነበሩ ሰዎች ግን የለበሱት ጥበብ ያበራ ነበር፤ የመስከረም አደይም ያኔ እንደ ዛሬው ቢጫ ነበረች።

ለዚህ ጉዳት የኮምፒውተር መድኀኒት የለውም፤ የሰው መድኀኒት ግን አለው። ይኸውም ያየው ሰው ምስክርነት ነው። በዚህ በዓል ምክንያት በአዳራሹ ግድግዳ ላይ የተሰቀሉትን የቀድሞ ተማሪዎች ፎቶግራፎች ሁላችሁም እንደ ተመለከታችኋቸው እናምናለን። በረድፍ ቆመዋል፥ ሹራብ ለብሰዋል፥ የስፖርት ቡድኑም መለያውን ለብሷል፤ ሁሉም ግራጫ ነው። ሹራቡ ቀይ ነበረን? አረንጓዴ ነበረን? ፎቶግራፉ አይናገርም። የሚናገሩት ያን ሹራብ የለበሱት ሰዎች ናቸው፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ ዛሬ ሽበት አብቅለው እዚህ ከእኛ ጋር ተቀምጠዋል። በየዓመቱ ቍጥራቸው ያንሳል እንጂ አይጨምርም።

ስለዚህ ንግግራችንን በሦስት ልመናዎች እንፈጽማለን። ለትምህርት ጓደኞቻችን፦ «ሞኖክሮም» የሚለውን ቃል ስታገኙ «ባለ አንድ ቀለም» ብላችሁ ፍቱት፤ ያ አንድ ቀለም የትኛው እንደ ሆነም ጠይቁ። ለመምህራኖቻችን፦ የምትሰጡን ካርታና ሥዕል በጥቁር ቢባዛም እንኳ የሚነበብ እንዲሆን በአክብሮት እንለምናለን፤ እኛም በሥዕልና በጽሕፈት ሥራ ልንረዳችሁ ዝግጁ ነን። ለወላጆቻችንና ለቀድሞ ተማሪዎች፦ ከአዳራሹ በር አጠገብ እርሳስ አዘጋጅተናል። የምታውቁትን ፎቶግራፍ ስታገኙ፥ የልብሱን ቀለም፥ የበሩን ቀለም፥ ስሙንና ዓመቱን በጀርባው ላይ ቀስ አድርጋችሁ ጻፉልን። እስክሪብቶ አትጠቀሙ፤ ወረቀቱን አልፎ ሥዕሉን ያበላሻልና። ለመጻፍ ለማይመቻቸው ደግሞ እኛ ተቀምጠን እየሰማን እንጽፋለን።